ፎቶ ሳያነሳ የማይፈታው

ሰፈሩ «ብሎን» ይለዋል። ስሙ ሲወጣለት አልተከፋም፤ ኪሱ ሲዳሰስ እፍኝ ብሎን የማይገኝበት ቀን የለም፣ ምን ብሎ ይከፋል? ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ኮምፒውተር ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። ደንቡም አንድ ነው፤ ፎቶ ሳያነሳ አይፈታም። የትኛው ሽቦ ከየት እንደተነቀለ፣ የትኛው ብሎን የየትኛው ቀዳዳ እንደሆነ አስቀድሞ ያነሳል፤ ካቻቢቴውን የሚጨብጠው ከዚያ በኋላ ነው። «ፎቶ ካለ ምንም አይጠፋም» ይላል። ይህችን አባባል ሚስቱ ሰምታ ሰምታ ሰልችቷታል።

ያን ቀን ግን ከነጋ ጀምሮ እግሩ አላርፍ ብሏል። እናቱ ከሰዓት በኋላ ጠቅልለው ሊመጡ ነው። የሚያርፉት ደግሞ እሱ ለዓመታት አሮጌ እቃ ባጨቀበት የኋላ ክፍል ነው። እቃውን የሚወስደው ቆራሌ ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣል። ብሎን ወለሉ ላይ ነጭ አንሶላ አንጥፎ እያንዳንዷን ቁራጭ ከፊት፣ ከኋላ፣ ደግሞ መለያ ቁጥሯ እንዲነበብ አድርጎ ያነሳል። ያነሳትን ጆንያ ውስጥ ይከታል፤ መልሶ ያወጣታል፤ አንዴ ያያትና እንደገና ይከታታል።

«አንተ ሰውዬ!» አለች ሚስቱ መጥረጊያዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ። «ይሄን ያህል ፎቶ እኔ እንኳ ሙሽራ ሆኜ አልተነሳሁም።»

«ይቺን ማዘርቦርድ ታውቂያታለሽ? ስንት ሰው ሞታለች ብሎ ተስፋ የቆረጠባትን እኮ ነው ያስነሳኋት።»

«ታዲያ አሁን ቅበራታ! አምስት ሰዓት ሆኗል።»

ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። ፓወር ሰፕላዮቹን ጨርሶ ሃርድ ዲስኮቹ ላይ ሲደርስ ደግሞ ስልኩ «ቦታ የለም» አለው።

ስልኩን የሞሉት የእናቱ ቤት ፎቶዎች ነበሩ። ከሦስት ሳምንት በፊት ሄዶ ቤታቸውን የበተነው እሱ ነው። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ አንድ ሻንጣ ብቻ ያዢ፣ ብሎ ቁም ሳጥኑን፣ ሳህን መደርደሪያውን፣ ወንበሮቹን ሁሉ በግማሽ ቀን ለጎረቤት አከፋፈለው። እናቱ እቃው ሲወጣ ቆመው ሲያዩ፣ «አታስቢ እማዬ፣ ሁሉንም ፎቶ አንስቼልሻለሁ፤ ስትመጪ ታይዋለሽ» አላቸው። እሳቸውም «እሺ ልጄ» አሉ።

ጊዜ የለም፤ ላፕቶፑም ሞልቷል። ከክምሩ አንድ ጤነኛ አሮጌ ሃርድ ዲስክ መዝዞ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘና የእናቱን ፎቶዎች ለጊዜው እዚያ ላይ ገለበጣቸው። ከስልኩ አጠፋቸው። ዲስኩን መስኮቱ ላይ አኑሮ ወደ አንሶላው ተመለሰ። የቀሩትን ሠላሳ አንድ ዲስኮች እንዳነሳ የቆራሌው ጡሩምባ ውጭ አንባረቀ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። ጆንያው ተጎተተ፣ ካርቶኑ ተጫነ። ብሎን ለመጨረሻ ጊዜ ክፍሉን ሲቃኝ መስኮቱ ላይ አንዲት ዲስክ አየ። «አንቺ ደግሞ ከእህቶችሽ ተለይተሽ የት ልትቀሪ ነው?» አለና በገዛ እጁ ጆንያው ውስጥ ጣላት።

እናቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሱ። በታጠበው ክፍል፣ በተነጠፈው አልጋ ጠርዝ ላይ እንደ እንግዳ ቁጢጥ ብለው ሻንጣቸውን እግራቸው ሥር አቆሙ። ሚስቱ «እማማ፣ ደከመዎት፤ ጋደም ይበሉ» ብትላቸው እንቢ አሉ። ግድግዳውን ዞር ዞር ብለው አዩና፣

«እስቲ ቤቴን አሳየኝ» አሉት።

ብሎን ስልኩን አወጣ። ከዚያ ክው አለ። መስኮቱን አየ፤ ባዶ ነው። «መጣሁ እማዬ» ብሎ ብቻ ወጣ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ሁለት መንደር አቋርጦ፣ ላቡ ጀርባው ላይ እየወረደ ከቆራሌው ግቢ ደረሰ። ቆራሌው ጆንያውን ገልብጦ እቃውን ይለያል።

«ብሎኔ! አንጀትህ አልቆረጠልህም አይደል?» ብሎ ሳቀበት። «አንዷን ውሰድና ሂድ፤ ሁሉም ያው ናቸው።»

ያው ናቸው። ሠላሳ ሁለት ግራጫ ሳጥኖች። የማንበቢያው ገመድ ያለው ቤት ነው። ጆንያውን ተሸክሞ ቢመለስ ደግሞ ሚስቱ ከነጆንያው ታስወጣዋለች። የእናቱን ቤት አንዴ በትኗል፤ አሁን ደግሞ የቀረውን ምስሉን ጭምር ሊያጠፋባቸው ነው።

ድንገት ስልኩ ትዝ አለው። ሠላሳ አንዱን አንስቷቸዋል። ያላነሳት አንዷን ብቻ ናት! መሬቱ ላይ ቁጭ ብሎ የእያንዳንዷን መለያ ቁጥር ከፎቶዎቹ ጋር ያመሳክር ጀመር። አለች፣ ወደ ጎን። አለች፣ ወደ ጎን። አሥራ ዘጠነኛዋ ፎቶ የላትም። ጉያው ውስጥ ወሸቃትና እየሮጠ ተመለሰ።

ጫማውን ሳያወልቅ ዲስኳን ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ እናቱ ጭን ላይ አኖረው። ስድሳ ሁለት ፎቶ፣ አንድም አልጎደለም። የብሎን ትንፋሽ ተመለሰ። ሁሉም በደንቡ የተነሳ ነው፦ ከፊት፣ ከኋላ፣ አጠገቡ በወረቀት የተጻፈ ቁጥር።

«ጎበዝ» አሉ እናቱ ቀስ ብለው። «ቁጥር ሁሉ አድርገህበታል።»

አርባኛው ላይ ሲደርሱ እጁን ያዙት። መቀመጫዋ ያለቀ፣ አጭር የእንጨት ወንበር ናት፤ ማታ ማታ ደጃፍ ላይ የሚቀመጡባት።

«ይቺን ለማን ሰጠሃት?»

«ለልብስ ሰፊዋ ጎረቤትሽ።» ፎቶዋ አለልሽ እኮ ሊል ነበር።

«ፎቶ ላይ አይቀመጡም፣ ልጄ» አሉት። ቁጣ የለበትም። ድሮ የጫማ ክር አስተሳሰር ሲያሳዩት በነበረው ድምፅ ነው ያሉት።

በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይባላል። እሱ ለአሮጌ ማዘርቦርድ ጠዋቱን ሙሉ አንጀቱ ሲንሰፈሰፍ ውሏል፤ የእናቱን ቤት ለመበተን ግን ግማሽ ቀን በቅቶታል። አፈረ። ቀና ብሎ ክፍሉን አየ። አልጋው አጠገብ፣ መስኮቱ ሥር፣ ለአንዲት አጭር ወንበር የሚበቃ ቦታ አለ። ጠዋት ሃርድ ዲስኮቹ የተቆለሉበት ቦታ ነው።

«ደግሞ ወዴት ነው?» አለች ሚስቱ በሩን ሲከፍት።

«ልብስ ሰፊዋ ጋ» አለና ወደ እናቱ ሰፈር የሚሄደው የመጨረሻው አውቶቡስ ሳያመልጠው ወጣ።