የውሻዋ ፂም

ታክሲ ተራው ጋ ኦቾሎኒ የምትቆላ ሴት አለች። ሽታው በመጣ ቁጥር ሳላስበው እጄን አያለሁ፤ ጣቶቼ ዛሬም ሮዝ የሆኑ ይመስለኛል። ሳቂ፣ ግን እውነቴን ነው።

ያኔ ተማሪ ነበርኩ። ሱሉልታ አንድ የገበሬ ማሳ ላይ የአይጥ ጥናት እንሠራለን። የተፈጨ ኦቾሎኒና የገብስ ዱቄት ከሮዝ ቀለም ጋር እያቦካን በትናንሽ የእንጨት ሣጥኖች እናስቀምጣለን። መርዝ የለበትም። ቀለሙን የበላ እንስሳ ግን ፂሙ ውስጥ ሮዝ መስመር ይቀርበታል፤ በልዩ መብራት ሲታይ ያበራል። እውነተኛው መርዝ ለገበሬው ከመታደሉ በፊት፣ ከአይጥ ሌላ ማን እንደሚበላው ማወቅ ነበር ሥራችን።

የማሳው ባለቤት ሽማግሌ ነበሩ። አይጥ ገብሳቸውን አውድሞባቸዋል፤ ያም ሆኖ መርዝ ሲባል ፊታቸው ይጠቁራል። የቀድሞ ውሻቸው ለአይጥ የተቀመጠ መርዝ በልታ ደጃፋቸው ላይ ሞታለች። አሁን ያለችው ልጇ ናት። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣" አሉኝ የመጀመሪያው ቀን፣ "ይቺንም እንዳታሳጪኝ።"

"በእኔ ይጣሉት፣ አባባ" አልኳቸው። ልጅነት ደፋር ነው።

ጥፋታችን ምን መሰለሽ፣ ሣጥኖቹ እንዳይጠፉብን በየአጠገባቸው ችካል ተከልን፤ በየችካሉ ጫፍም ቀይ ጨርቅ አሰርን። እስቲ አስቢው። በዚያ በማስተር ፕላኑ ሰሞን፣ ሰው ሁሉ "መሬቴ ሊሄድ ነው" ብሎ እንቅልፍ ባጣበት፣ በገበሬ ማሳ ላይ በረድፍ የተተከለ ቀይ ችካል። ተምረናል ባዮቹ እኛ ነበርን።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ስንደርስ አንድም ችካል አልቆመም። የሰፈሩ ወጣቶች ነቅለው ተሸክመዋቸው የሽማግሌው ጎተራ በር ላይ ይጠብቁናል። ከፊት የቆመው ረጅሙ ልጅ ዓይኑ ቀልቷል።

"ለማን ነው የምትለኩት?" አለኝ።

"ለአይጥ" አልኩ። ማንም አልሳቀም።

ሽማግሌው መሃል ገቡ። በኦሮምኛ ብዙ ተናገሩና ወደ እኔ ዞረው "በይ አሳዪው" አሉ። መብራቱ ጨለማ ይፈልጋል። ጎተራው ጥግ ተቀመጥን፤ ጋቢያቸውን አውልቀው እኔንም፣ ልጁንም፣ ራሳቸውንም ሸፈኑ። ጋቢው ገለባ ገለባ ይሸታል። በወጥመድ ከያዝናት አይጥ የነቀልኩትን ፂም ወረቀት ላይ አድርጌ አበራሁ፤ እንደ ፍም ቀላ። ልጁ ትንፋሹን ሲውጥ ሰማሁት።

ይሄኔ ውሻዋ ምን ተገኘ ብላ አፍንጫዋን በጋቢው ሥር አስገባች። በፂሟ ሁሉ ላይ ሮዙ መስመር አበራ።

ክው አልኩ። አይጦቹ የሚገቡበትን የሣጥኑን ቀዳዳ ያሰፋሁት እኔው ነበርኩ።

"መርዝ ቢሆን ኖሮስ?" አለ ልጁ በቀስታ።

"ሞታ ነበር" አልኩ። ዕንባዬ መጣ፤ አፍሬም ነበር።

ሽማግሌው እጃቸውን የውሻዋ ራስ ላይ አሳርፈው "አልሞተችም እኮ" አሉ።

ልጁ አናጺ ነበር። ጋቢው ሲገለጥ አንዱን ሣጥን አንስቶ አገላበጠው። "ቀዳዳውን እኔ አጠበዋለሁ። ችካሉን ግን እርሱት፤ ድንጋይ አስቀምጡ" አለ። እንዳለው ሆነ። በጠባቡ ሣጥን እንደገና ሞከርነው፤ መርዙም ሲታደል በዚያው ሣጥን ሆነ።

ከሳምንታት በኋላ ከውሻዋ አንድ ፂም ነቅዬ ለሽማግሌው አበራሁላቸው። ሮዙ መስመር በዕድገት ወደ ጫፍ ሄዷል፤ ከሥሩ በኩል አዲስ ቀለም የለም።

"ይሄ ነጩስ?" አሉኝ።

"ከዚያ ወዲህ የኖረችው ነው።"

"ትንሽ ነው" አሉ፣ ቀረብ ብለው እያዩ። "ገና ያድጋል።"

ዛሬ ማሳው ላይ ቤት ቆሟል። ሽማግሌውም የሉም፤ ናፍቀውኛል። ውሻዋ ግን ከዚያ በኋላ ስንት ክረምት አይታ፣ እናቷ በወደቀችበት ደጃፍ ላይ፣ ፀሐይ እየሞቀች በእርጅና ነው የሞተችው።