ወንድሜ የታገለ ዕለት

ጣሊያን መንገዱን በሸዋ ሮቢት በኩል በሚያስጠርግበት ዘመን፣ በሁለት ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ እዚያ ድንጋይ ፈላጭ ነበር። የሠራተኞቹ አለቃ ትግል ማየት የሚወድ ጣሊያን ስለነበር፣ በገበያ ቀን ወታደሮቹን ከሠራተኛው ጋር ያታግላል። ከወታደሮቹ አንዱን፣ ከሩቅ አገር የመጣውን ረዥም አስካሪ፣ ጣሊያን የቀጠረውን ጥቁር ወታደር፣ ሦስት ገበያ ሙሉ ሲጥል እንጂ ሲወድቅ አላየንም።

በአራተኛው ገበያ ማሽላ ልሸጥ ሄጄ ወንድሜ ሸማውን ለሰው ሰጥቶ ወገቡን ሲታጠቅ አየሁት። አስቀድሞ አልነገረኝም። ማሽላዬን ለጎረቤቴ ትቼ ሰው መሃል ተጋፍቼ ገባሁ። አጠገቤ የቆሙት ጨው የሚነግዱ የአርጎባ ሽማግሌ ነበሩ።

«ወንድምሽ ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባባ።»

«አላህ ይርዳው። ቢወድቅ እናፍራለን፣ ቢጥል ደግሞ እንፈራለን።»

እውነታቸውን ነበር። ያ ሁሉ ሰው በፀሐይ የቆመው ኀፍረቱንና ፍርሃቱን አንድ ላይ ሊቀምስ ይመስለኛል። ሁለቱ ሲያያዙ እኔም ቁጭ ብድግ እል ጀመር። ወንድሜ ሲያጎነብስ አጎነብሳለሁ፤ ወገቡን ሲያዝ የእኔ ትንፋሽ ያጥራል። ከኋላዬ አንድ ሰው «እግሩን! እግሩን!» ሲል ክርኑ ጀርባዬን ይመታኛል። ደስታ ነው አልልም፤ ዞረሽ ሂጂ ብባል ግን አልሄድም ነበር።

ወንድሜ ድንገት እግሩን ጠልፎ አስካሪውን በጀርባው ዘረጋው።

እልል ያለ የለም። ሁላችንም ፊታችንን ወደ ጣሊያኑ መለስን። እሱ አልሳቀም። በጣቱ ምልክት ሰጠ፤ አስተርጓሚው «ይደገም ይላል» አለ።

ሁለተኛው ረዘመ። አንገት ለአንገት ተያይዘው ሲሽከረከሩ አቧራው ሸፈናቸው። ከዚያ ተክሎት የነበረው የወንድሜ እግር ሲላላ በዓይኔ አየሁ፤ ወደቀ። ጣሊያኑ አጨበጨበ። ሕዝቡ ተነፈሰ፤ እኔም አብሬ ተነፈስኩ፣ ወዲያው ግን በራሴ ተናደድኩ።

ወደ መንደራችን ወደ ቀወት ስንመለስ ከፊቴ ይሄዳል። ሳልጠይቀው መቅረት አልቻልኩም።

«ሆን ብለህ ነው የወደቅከው?»

«ታየ እንዴ?»

«ለእኔ ታየኝ።»

«አስካሪው ነው» አለ። «ተያይዘን ሳለን በጆሮዬ፣ በተሰባበረ አማርኛ፣ ‹ወንድሜ ውደቅ፤ ሰውየው ክፉ ነው፣ ያስገርፍሃል› አለኝ።»

ወንድሜ ከዚያ በኋላ አልታገለም። ክረምቱ ሲገባ ሥራውን ጥሎ ወደ ደጋው ወጣ፤ ተመልሼ ያየሁት ጣሊያን ከሄደ በኋላ ነው።

እኔ ግን ወንድሜ ከታገለ በኋላ በነበረው ገበያ እግሬ እዚያው ወሰደኝ። አስካሪው ከካራቆሬ ከመጣ ሌላ ሠራተኛ ጋር ተያይዞ ነበር። ሰው ሁሉ እግራቸውን ሲያይ፣ እኔ የአስካሪውን ከንፈር እከተላለሁ።