ጥርሱን የማይደብቀው

ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ መሸበት ከጀመረ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያናችን በከፈተችው የጎልማሶች ትምህርት ነው። አፌን የፈታሁት በሲዳምኛ ስለሆነ አማርኛውንና ፊደሉን የታገልኳቸው አንድ ላይ ነው። እስከ ዛሬ የያዝኩት ልብ ወለድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ስለ ደም መጣጭ።

መጽሐፉ የልጄ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ከእንግሊዝኛ የተመለሰ፣ በፎቶ ኮፒ የተባዛ፣ በክፍሏ ሴቶች እጅ ለእጅ ሲዞር ጠርዙ የተበላ። እናቷ ከፍራሽ ሥር አገኘችውና ሽፋኑ ላይ ያለውን የደም ጠብታ ስታይ ጮኸች። ልጅቷ በዚያ ሰሞን የመዘምራን ልምምድ አልሄድም ብላለች፤ እህል አይወርድላትም።

"መንፈስ ገብቶባታል! በዚህ ወረቀት ነው የገባው!" አለች እናቷ።

እኛ ዘንድ አሠራሩ የታወቀ ነው። መንፈስ አለበት የተባለ ዕቃ እሑድ በጉባኤ ፊት ይቃጠላል፤ ልጅቷ ለብቻዋ ክፍል ገብታ እጅ ተጭኖባት ይጸለይላታል። እናቷ የመዘምራኑን ልምምድ ለሚመራው ለወጣቶቹ አገልጋይ ደወለችለት፤ ቅዳሜ እመጣለሁ አለ።

እኔ አንብቤ ሳላየው አይቃጠልም አልኩ። ሌላ ሰው ያነበበውን እየሰማሁ አሜን ስል ነው ያረጀሁት፤ በቃኝ። ሐይቁ ዳር ዓሣ ስገፍፍ ውዬ፣ እጄ እየሸተተ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያለው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጬ በጣቴ እየተከተልኩ አነባለሁ።

"የት ደረስክ?" ትላለች ልጄ በበሩ ብቅ ብላ።

"ገና ጫካ ውስጥ ናቸው።"

"እስካሁን? አባዬ፣ የማያረጀው ደም መጣጭ እንኳ አንተን ሲጠብቅ ያረጃል!"

በዚያ ሰሞን ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

እውነቱን ልናገር፣ መጽሐፉ ዝባዝንኬ ነው። ደም መጣጩ ወጣት መቶ ዓመት ኖሮ ሥራ የለው፣ ዘመድ የለው፣ ዝም ብሎ በሚወዳት ልጅ ላይ ያፈጣል። የጻፈው ሰው ደም ምን እንደሚሸት አያውቅም፤ እኔ አውቃለሁ። ዓርብ አመሻሽ ላይ ተናድጄ ጠየቅኳት፤

"ምኑን ነው የምትወዱት? ሊበላት የመጣ አውሬ አይደል እንዴ?"

መጽሐፉን ከእጄ ወሰደች። ከዚያ አንድ ገጽ ገልጣ አሳየችኝ፤ ወጣቱ ልጅቷን "ሽሺኝ፣ ላጠፋሽ እችላለሁ" የሚልበት ቦታ ነው።

"ጥርስ እንዳለው ይነግራታል" አለች። "ራቅ ስትለው ደግሞ ይርቃል። ሌሎቹ ጥርስ እንዳላቸው አይናገሩም።"

"ሌሎቹ እነማን ናቸው?"

መጽሐፉን ከድና ሰጠችኝና ገባች።

ቅዳሜ አገልጋዩ ከረባቱን አስሮ፣ ፈገግ ብሎ ከባጃጅ ወረደ። "አባባ፣ ጌታ ይባርክዎት! የታለች ልጃችን?"

እናቷ ጠርታ አወጣቻት። እጁን ትከሻዋ ላይ ሲያሳርፍ ጀርባዋ ግድግዳ እስኪነካ ወደ ኋላ ሄደች። እሱም ተከተላት እንጂ እጁን አላነሳም።

"አይዞሽ፣ ለብቻችን ስንጸልይ ይለቅሻል" አላት።

ልምምዱን ለምን እንደተወች፣ እህል ለምን እንደዘጋት፣ ያን ገጽ ለምን እንዳሳየችኝ ያኔ ገባኝ።

"እጅህን አንሳ" አልኩት።

"አባባ፣ እንዲህ የሚያናግርዎት ጠላት ነው።"

"ጠላትማ በረንዳዬ ላይ ቆሟል። ውጣ!"

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ዘንድ ሄጄ ያየሁትን ተናገርኩ። ልጅቷ ራሷ መጥታ በፊታችን ትናገር አሉ። በእነዚያ ሁሉ ሽማግሌዎች ፊት፣ አገልጋዩ ተቀምጦ እያያት! አልሄደችም፤ እኔም አላስገደድኳትም። ለእኔ እንኳ እስከ ዛሬ የነገረችኝ ነገር የለም። እሱ አሁንም እሑድ እሑድ ከፊት ይቆማል። እናቷ ብቻዋን እየሄደች፣ መንፈሱ ወደ እኔ ተዛውሯል ብላ ታስጸልይልኛለች።

መጽሐፉን አልጨረስኩትም። ልጄ ተረኛዋ እየጠበቀች ነው ብላ ልትወስደው መጣች።

"ተረኛዋ ማን ናት?" አልኳት።

"አብራኝ ትዘምር የነበረችው ናት፤ እሷም ልምምዱን ትታለች" አለች፣ ወደ መሬት እያየች። "ቶሎ ስጪኝ እያለች ነው።"