አምስት ጆንያ አሸዋ

በኬንያዋ ሞያሌ ሰፊ ጎማ አስገጥሞ የተቆጨ ሹፌር ሁሉ ዞሮ ዞሮ ሀላኬ ግቢ ይመጣል። ጎማ ሻጩ «ልኩ ነው» ብሎ ይሸኘዋል፤ መኪናዋን ባዶዋን ሲነዳት እውነትም ልኳ ነው። ቤተሰቡን ጭኖ ጉድጓድ ሲገባ ወይም መሪውን እስከ ጥግ ሲያዞር ግን ጎማው ከፓራፋንጎው ጠርዝ ጋር እየተፋተገ ይጮኻል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው የጎማው ትከሻ ተልጦ ያርፋል። ያኔ «ሄሉ ሰፈር ያለውን ፉንዲ፣ ባለሙያውን ጠይቅ» ይሉታል።

ሀላኬ ላሜራ መቀጥቀጥ የተማረው በልጅነቱ ከድንበሩ ወዲያ ነው፣ ወንዱ ከሚባል ቁጡ ባለሙያ። አማርኛውንም አብሮ ተማረው፤ ስድሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት እንኳ መዶሻ ከያዘ በአማርኛ ነው የሚራገመው። ወንዱ ካስተማረው ሁሉ አንዱን እንደ ሃይማኖት ያዘው። መኪና ያለ ሰዎቿ አትለካም።

ስለዚህ መኪና ሲመጣለት የመጀመሪያ ጥያቄው «ማን ማን ነው የሚሳፈርባት?» ነው። ሚስትም፣ ልጆችም፣ አማትም ይጠራሉ። ሁሉም በየቦታቸው ከተቀመጡ በኋላ የፓራፋንጎውን ውስጠኛ ጠርዝ በጠመኔ ይቀባና ግቢው ውስጥ ሆን ብሎ የቆፈረውን ጉድጓድ ያስረግጣቸዋል። ጠመኔው የተጠረገበት ቦታ ጎማው የነካበት ነው። ያንን ቀለሙ እንዳይሰነጠቅ በእሳት አሙቆ፣ ጠርዙን በመዶሻ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ አጥፎ ያስተኛዋል። አንዳንዱ ደንበኛ «ሚስቴን ምን አመጣት እዚህ?» ብሎ ይቆጣል፤ ሀላኬም እንግዲያው ጎማህን ተሸክመህ ሂድ ይለዋል።

ልጆቹ በመስኮት በኩል ለመቀመጥ ይጣላሉ፣ አማቲቱ ወገቤን ትላለች፣ ግቢው ይደምቃል። ሥራው ሲያልቅ ሁሉም ተጭነው ይሄዳሉ። የሞያሌን ግማሽ ሕዝብ ክብደት የሚያውቀው ሰው ብቻውን በሩን ይዘጋል። ያቺን ሰዓት አይወዳትም።

ሚስቱ ሀዋኦ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው። አንድ ልጃቸው ጅሎ ናይሮቢ ነው የሚኖረው፤ ለእናቱ ቀብር መጥቶ ሦስት ቀን ሰነበተ፣ ከዚያ ወዲህ አባቱ አይኑን አላየውም። ሰፈሩ ሀላኬን «አባ ጅሎ» ነው የሚለው። በቀን ሃያ ጊዜ በልጁ ስም ይጠራል፤ ልጁ በወር አንዴ ቢደውል ነው። የሀላኬ አሮጌ ላንድክሩዘርም ከእሱና ከመሣሪያ ሳጥኑ በቀር ሰው ጭና አታውቅም ማለት ይቻላል።

ዘንድሮ ዝናቡ እንዳባራ ጅሎ ደወለ። ወንድ ልጅ ተወልዶለት አራት ወር ሆኖታል፤ የስም ማውጫው ድግስ ዳበል በሚባለው መንደር፣ የሀላኬ ታላቅ ወንድም ቦኩ ቤት ነው። አውቶቡሱ ሞያሌ ያወርደናል፣ ዳበል አንተ ታደርሰናለህ አለው። ጅሎ፣ ሚስቱ ናስራ፣ እናቷ፣ እህቷና ሕፃኑ፤ አምስት ሰው። ሀላኬ ስልኩን ከዘጋ በኋላ አምስት ጣቱን አጥፎ ቆጠረ፣ ከዚያ ደግሞ ዘርግቶ ቆጠረ።

መንገዱ አሸዋ ስላለበት ሰፊ ጎማ አስገባ። ጎማው እንደ ሌላው ሰው ጎማ ነካ። ማስተኛቱን ያውቅበታል፣ ግን መኪና ያለ ሰዎቿ አትለካም፤ ሰዎቿ ደግሞ ናይሮቢ ናቸው። ስለዚህ ልጁ ጋ ደውሎ የእያንዳንዳቸውን ኪሎ ጠየቀው። ጅሎ ሳቀ፣ አባቴ እንደ በሬ መዝኖ ሊገዛን ነው አለ፣ እሱ ሰባ ሁለት፣ ናስራ ስድሳ፣ እያለ ሁሉንም ነገረው። ወሬው ስድስት ደቂቃ ፈጀ። በአራት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል አውርተው አያውቁም ነበር።

ሀላኬ ከመንገዱ ማዶ ካለችው ባለሱቅ ከዘቢባ ሚዛን ተውሶ አሸዋ መዘነ። በየጆንያው ላይ ቁጥሩን በከሰል ጻፈ፤ የሕፃኑ ሰባት ኪሎ በትንሽ ከረጢት ሆነ። ዘቢባ ቆማ አየችውና አዘነችለት።

«አባ ጅሎ፣ እኔና ልጆቼ የለንም እንዴ? መጥተን እንቀመጥልህ» አለችው።

«ክብደታችሁ አይገጥምም» አላት።

ውሸቱን ነው። ሰው ከማስቸገር ሞቱን የሚመርጥ ሰው ነው፤ ብቸኝነቱም ግማሹ የገዛ እጁ ሥራ ነው። ሦስት ቀን ጆንያዎቹን ይዞ ጉድጓዱን እየረገጠ፣ ጠመኔ እየቀባ፣ እያሞቀ ቀጠቀጠ። በሦስተኛው ቀን ጠመኔው ሳይነካ ወጣ። ጆንያዎቹን ግን ከወንበሩ አላወረዳቸውም።

ለድግሱ ሁለት ቀን ሲቀረው ጅሎ ደወለ። ድግሱ ወደ ሶሎሎ፣ ወደ ናስራ ዘመዶች ዞሯል፤ አማቱ ጉልበቷን ታማለች፣ ዳበል ድረስ አትችልም፣ ዘመዶቿም ከናይሮቢ የሚያመጣና የሚመልስ ሚኒባስ፣ ማታቱ ተከራይተውላቸዋል። «ፖሌ አባ፣ ይቅር በለኝ፤ አንተ በመኪናህ እዚያው ና» አለው። ሀላኬ እሺ አለ። ስልኩን ኪሱ ከትቶ ጉድጓዱ አጠገብ ብዙ ቆየ፤ እንደ ልጅ ማልቀስ አማረው።

በድግሱ ዕለት በማለዳ ጆንያዎቹን እንደጫነ ሶሎሎ ሄደ። ባዶ መኪና በዚህ መንገድ ይዘላል ብሎ ለራሱ ምክንያት ሰጠ። እዚያ የልጅ ልጁን አቀፈ፣ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀመጠ፣ በላ፣ መረቀ፣ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ስለ ዝናብ አወራ። ጅሎ ወፍሯል፤ እንግዳ ተቀብሎ እንግዳ ይሸኛል፣ አባቱ ጋ ለመድረስ ጊዜ አላገኘም።

ሀላኬ ሊሄድ ሲነሳ ጅሎ ሊሸኘው መኪናዋ ድረስ መጣ። ወንበሮቹን አየ። ፊት ለፊት ያለው ጆንያ ላይ ሰባ ሁለት ተብሎ ተጽፏል፣ ከኋላ ስድሳ፣ ከጎኑ ትንሿ ከረጢት ሰባት። ጅሎ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አነበባቸው። ከዚያ የራሱን ጆንያ ጎትቶ አወረደና ቦታው ላይ ተቀመጠ።

«ንዳ እስቲ» አለ።

ሀላኬ በግቢው ዳር አዞራት። መሪውን እስከ ጥግ ሲጠመዝዘው የግራው ጎማ ጠርዙን ነክቶ ጮኸ። ሀላኬ ፍሬን ያዘ፤ ሦስት ቀን የለፋበት ሥራ ነው።

«ሰባ ሁለት ብለኸኝ አልነበረም?»

ጅሎ አንገቱን ደፋ። «ያ ከቤት ስወጣ የነበረኝ ነው፣ አባ። ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ዝም ብዬ ነው ያልኩህ። አሁን ዘጠና ሁለት ነኝ።»

ሃያ ኪሎ። ሀላኬ የልጁን ሃያ ኪሎ አያውቀውም፤ የለካው ድሮ የሄደውን ልጅ ነበር። አንድ ዙር ድገም አለው ጅሎ፣ ደገመ፣ ጎማው እንደገና ጮኸ፣ ሁለቱም ሳቁ። ሦስተኛውን ሊጀምሩ ሲሉ የማታቱው ሹፌር ጡሩንባ ነፋ፤ ናይሮቢ ሩቅ ነው፣ ሁሉም ተሳፍረው እሱን ነው የሚጠብቁት። ጅሎ የአባቱን ትከሻ ጨብጦ ወረደ።

ሀላኬ እስከ ሞያሌ ብቻውን ነዳ፣ የፊቱ ወንበር ባዶ። ጉድጓድ ሲያይ ሆን ብሎ ገባበት፣ በየኩርባው መሪውን ከልኩ በላይ ጠመዘዘው። ሠላሳ ዓመት ሲያጠፋው የኖረውን ያን ድምፅ ጆሮው ፈለገ። ጎማው የትም አልነካም።

ሄሉ ሲደርስ ቤቱ አልገባም። መኪናዋን በሩ ላይ አቁሞ መንገዱን ተሻገረና ዘቢባ ሱቅ ደጃፍ ቆመ።

«ሚዛኑን አንዴ አውሺኝ» አላት። «ጅሎ ዘጠና ሁለት ገብቷል።»