በበርበሬው ላይ የወረደው አመድ

ባለፈው እሑድ አያት ባለው ኮንዶሚኒየማችን የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ አንድ ከረባት ያሰረ ወጣት ከብረት ፋብሪካ ተልኮ መጣ። ጭሱ ሲያስለን ከርሞ አቤት በማለታችን ነው። አየሩ ከዓመት ዓመት እየተሻሻለ መሆኑን፣ ከጭስ ማውጫው በፊት አቧራውን የሚይዝ ማጣሪያ መገጠሙን በሥዕል እያሳየ አስረዳን። እስከዚያ ድረስ በደህና አዳመጥኩት። «ድርጅታችን ይህን ያደረገው በራሱ ተነሳሽነት ነው» ሲል ግን ደሜ ፈላ። በራሱ ተነሳሽነት ጭሱን የሚይዝ ባለፋብሪካ በዕድሜዬ አላየሁም።

በወጣትነቴ የምንኖረው ከዚህ ብዙም ሳይርቅ፣ ያኔ የከተማው ዳር በነበረ ሰፈር ነው። ክረምት ጭቃው ጫማ ይነጥቃል፤ መስከረም ሲጠባ ከቤታችን ጀርባ የጤፍ ማሳው በነፋስ ይተኛል፣ ይነሳል። ከማሳው ወዲያ ቁርጥራጭ ብረት አቅልጦ ለሕንፃ የሚሆን ፌሮ የሚያወጣ ፋብሪካ ነበር። አባቴ እዚያ ምድጃ ላይ ይሠራል። እሱ ማዕድ ሲቀርብ ሽሮው ሳይቀር የተቃጠለ ብረት ብረት ይሸተን ነበር።

ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ከወሎ የመጡ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው። ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ሲጠና ግቢያቸው በሙሉ በሰሌን ይሸፈንና የበርበሬ ዛላ ይሰጣበታል። መንገደኛ ሁሉ እያነጠሰ ነበር የሚያልፈው። ደስ የሚል ማስነጠስ ነበር። አንድ ዓመት ግን ነፋሱ ወደ እኛ ዞረና ቡናማው ጭስ ሰፈሩ ላይ ተኛ። ቀዩ በርበሬ አመድ ለበሰ። እትዬ ዘይነባ አንዱን ዛላ በጥርሳቸው ሰበሩትና እንደ አሸዋ ሲንኮሻኮሽባቸው ተፉት።

«ይሄን ለሰው ሸጬ አላህ ፊት ምን ብዬ ልቆም ነው?» አሉ። ጉድጓድ አስቆፍረው የዓመት ንግዳቸውን ቀበሩት።

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ዘንድ አብሬያቸው ሄድኩ። ከመኪናው እንኳ አልወረደም። በመስኮቱ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «ፋብሪካው ማጣሪያ አለው። አቧራው የራሳችሁ መንገድ ነው፤ መንገዳችሁን አጽዱ!» ብሎን ሄደ።

ከእሱ የባሰው የሰፈራችን ሰው ነበር። የሠራተኞቹ ሚስቶች ቦኖ ላይ ውኃ ስንቀዳ እትዬ ዘይነባን ጀርባ ይሰጧቸው ጀመር። «ፋብሪካው ቢዘጋ ልጆቻችንን በርበሬ ልታበላልን ነው?» ይላሉ፣ እሳቸው እየሰሙ። ቆርቆሯቸው ላይ ድንጋይ ተወረወረ። እናቴም «ከእሷ ጋር እንዳላይሽ» አለችኝ።

አባቴ አንድ ቀን እራት ላይ እየጎረሰ፣ «ማጣሪያውማ አለ» አለ ለራሱ እንደሚያወራ። «ጭሱን ወደ ማጣሪያው የሚስበው ማራገቢያ መብራት ይበላል ብለው ያጠፉታል እንጂ። እንግዳ ሲመጣ ያበሩታል።» እናቴ ወጡን ጨመረችለት። እኔ ግን ሰማሁ።

እትዬ ዘይነባ አቤት ብለው የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች የመጡ ዕለት ጠዋት ከጭስ ማውጫው ላይ ምንም አይታይም። የሰፈሩ ሰው የፋብሪካው በር ላይ ተሰብስቧል። ሥራ አስኪያጁ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ «ይኸው ሰማዩ! ጭሱ የታል?» አለና ሳቀ። ያ ሳቁ ነው ያናገረኝ።

«እናንተ ስለመጣችሁ ነው ማራገቢያውን ያበሩት!» ብዬ ጮህኩ። «ሳትነግሯቸው ኑና እዩ!»

ሳቁ ቆመ። «ማነው ይህን የነገረሽ?»

ዓይኔን ከተቆጣጣሪዎቹ ላይ አልነቀልኩም።

«የማን ልጅ ናት?» ብሎ ወደ ሰዉ ዞረ።

ከቦኖዋ ሴቶች አንዷ የአባቴን ስም ጠራችለት። እትዬ ዘይነባ እጄን ጨብጠው ከዚያ አወጡኝ።

ተቆጣጣሪዎቹ በማግስቱ ሳያስታውቁ ተመልሰው መጡ። ጭሱ እንደ ልማዱ ይወርዳል። ፋብሪካው ታሸገ፤ የተከፈተውም ማራገቢያው ካልተነሳ ምድጃው እንዳይነሳ ተደርጎ የሁለቱ የመብራት መስመር ከተገናኘ በኋላ ነው። አባቴን ግን በዚያው ሳምንት አባረሩት። የምሳ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አየኝና፣ «አየሩ ጠራልሽ? እንግዲህ እሱን ብይ» አለኝ።

ቦሌ፣ ኤርፖርቱ አካባቢ፣ የመጋዘን ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ። እነዚያ ሴቶች ነጠላቸውን አጥበው ደጅ ላይ ያሰጡ ጀመር፤ ነጭ እንደሆነ ይደርቃል። ከእትዬ ዘይነባ በርበሬ የሚገዛ ግን ጠፋ። ኦሎምፒያ አካባቢ ሱቅ ተከራይተው ሰፈሩን ለቀቁ። ሲሄዱ ከእኔ በቀር የሸኛቸው አልነበረም።

ባለፈው እሑድ ስብሰባው ላይ እጄን አውጥቼ ያን ባለከረባት ወጣት፣ «ማራገቢያው ቢጠፋ ምድጃችሁ ይሠራል ወይስ ይቆማል?» አልኩት። «እሱን ጠይቄ እነግርዎታለሁ» አለኝ።

አባቴ አሁን አርጅቶ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። ቤት ገብቼ የሆነውን ነገርኩት። ሬዲዮኑን ቀነሰና፣ «ደግሞ የማንን አባት ልታስባርሪ ነው?» አለኝ።

 አብረውት ምድጃ ላይ ከነበሩት መካከል በሳል ያለቁትን እሱም እኔም እናውቃቸዋለን፤ እሱ በዚህ ዕድሜው የፎቁን ደረጃ ሳያርፍ ይወጣል። እንጀራውን ማሳጣቴ እውነት ነው። ይቅርታ ግን ጠይቄው አላውቅም፤ እንድጠይቀውም አይጠብቅ።