ለሒሳብ ያስጣልሁት እጣ

ልጄ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ስለምትሠራ፣ የልጅ ልጄ ደሴ ከተማ ከእኔ ጋር ሆና ነው የምትማረው። ሒሳብ ትወዳለች። እኔ ከአራተኛ ክፍል ስላቋረጥሁ አልረዳትም።

አንድ ቀን የቤት ሥራዋ ግማሹ ተሳስቶባት መጣች። ሌሎቹ ተማሪዎች ጥያቄውን በስልክ ፎቶ አንስተው፣ ሰው ሰራሽ አስተውሎት የሚሉት የሠራላቸውን ገልብጠው ሙሉ ማርክ አግኝተዋል። እሷ ስልክ የላትም። ደሜ ፈላ። በማግስቱ መምህሩ ዘንድ ሄድሁ።

መልሱን ማሽን ከሰጣቸው እኔ የማርመው ምኑን ነው ብሎ ተከዘ። ቅርጫ ስንገባ የሥጋው መደብ እኩል ተደርጎ እጣ እንደሚጣል፣ ዘመድ ባዳ እንደማይባል አስታወስሁት።

"አንተም እጣ ጣል። የወጣበት ልጅ ሰሌዳው ጋ ቆሞ እንዴት እንደሠራው ያስረዳ" አልሁት።

ሳቀና፣ "እማማ፣ ርዕሰ መምህር መሆን የነበረብዎ እርስዎ ነዎት" አለኝ። ደረቴን ነፍቼ ተመለስሁ።

የልጅ ልጄ ሰው ፊት ስትናገር አንደበቷ ይያዛል። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ከስልኩ ጋር ስጣላ እሷን ረሳኋት።

እጣው በእሷ ላይ ወጣ። የሆነውን የነገረችኝ አብራት የምትማር የጎረቤት ልጅ ናት። መልሱ ትክክል ነበር፤ እሷ ግን የመጀመሪያው ቃል ላይ ተይዛ ቆመች። ልጆቹ "ባትሪዋ አለቀ" እያሉ ሳቁባት። መምህሩ ዜሮ ሰጣት። እሷ ምንም ሳትነግረኝ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች።

መምህሩ ዘንድ ተመልሼ ሄድሁ። ለሁሉም እኩል ያሉኝ እርስዎ አይደሉም ወይ፣ አሁን ለእሷ ልለይላት ወይ አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ አድልዎ ስቃወም ኖሬ ለራሴ ልጅ አድልዎ ልለምን መቆሜ አንገቴን አስደፋኝ።

"ያመጣሁልህ ሕግ ለአፈኞቹ ብቻ ነው የሚመቸው" አልሁት። "መናገር የሚከብደው ሁሉ ፊትህ ተቀምጦ በእጁ ይሥራ። የእኔዋ ብቻ አይደለችም።"

ተስማማ። እፎይ ብዬ ቤት ገባሁና ነገርኋት። ቀና ብላ አላየችኝም።

"መ... መጀመሪያ እኔን ቢጠይቁኝ ኖሮ" አለች፤ ከዚያ ቃሉ ተያዘባት።

ከእኔ ጋር ስታወራ አንድም ቀን ተይዛ አታውቅም ነበር። እስክትጨርስ ጠበቅሁ። አልጨረሰችውም።