ለይርጋ ያወረድኩት ሙሾ

«እጄን ወደ ትሪው በሰደድኩ ቁጥር እጃችሁን የምትሰበስቡት ምን አድርጌ ነው? ንገሩኝ እንጂ! ለምጽ አለብኝ?» አለ ጋሽ ተክሌ።

«ለምጽማ በጸበል ይድናል» አለች አንዷ ከወደ በሩ።

ሐሙስ ከሰዓት ነበር፤ እኛ የሰው ቤት ሠራተኞች የምናርፍበት ቀን። ከሮም ባቡር ጣቢያ ከተርሚኒ ጀርባ፣ በእትዬ ዘውዴ ጠባብ ክፍል ውስጥ የወንድማቸውን የይርጋን አርባ፣ ከመርዶው ቀን ቆጥረን፣ ልናስብ ተሰብስበናል። ጋሽ ተክሌ የመጣው ማንም ሳይጠራው ነው። ይርጋ ባሕር ላይ ሲሞት አብሮት የነበረ እሱ፣ አርባውን ማን ጠርቶት ይምጣ?

እትዬ ዘውዴ ወደ እኔ ዞሩ።

«አሎራ» አሉ በጣሊያንኛ፣ «እንግዲህ አንቺ ተናገሪ። በሙሾው ያልሽውን ከየት አመጣሽው? እሱ ነው የነገረሽ?»

የመለስኩላቸውን መልስ ውሸትነት እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ስዘረግፍ ይህችን ከምላሴ ሥር ደብቄ ተመልሻለሁ። እንግዲህ የምታነበው አንተ ስማኝ። እንድታዝንልኝ ግን አልፈልግም።

ይርጋ የሸሸው ወጣት መሆን ብቻውን በሚያስገድልበት ጊዜ ነው። ከአሰብ ዳርቻ በጀልባ ወደ የመን ሲሻገር ባሕሩ ጀልባዋን ሰበራት። ብዙዎቹ ወዲያው ሰጠሙ። ስብርባሪው ላይ ከተንጠለጠሉት ጥቂቶች መካከል ዓሣ አጥማጆች በሕይወት ያገኙት ጋሽ ተክሌን ብቻ ነው። በስንት መከራ ሮም ሲገባ መጀመሪያ የፈለገው ሥራም ፔርሜሶ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድም አልነበረም፤ የይርጋን እህት ነበር። መርዶውን ራሱ አረዳቸው። እትዬ ዘውዴ አንገቱን አቅፈው «እንግዲህ ወንድሜ አንተ ነህ» አሉት።

ሮም ውስጥ አልቃሽ የለም። አገር ቤት ቢሆን ሙሾ አውራጅ ትጠራለች፤ አሟሟቱን ጠይቃ በግጥም ታወርዳለች፤ ለቀስተኛውም የሰማውን እንደ ምስክር ቃል ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እዚህ ግን ግጥም የምትሞክር እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ማንም ሳያስተምረኝ የአሠሪዬን የሲኞራዬን አንሶላ እየተኮስኩ ስንኝ የምደረድር። እትዬ ዘውዴ «አንቺ አውርጂልኝ» አሉኝ። ኮራሁ። አዎ፣ በሰው ሞት ኮራሁ!

ጋሽ ተክሌን ከሮም ወጣ ብላ ባለችው የባሕር ዳርቻ፣ ኦስቲያ ድረስ ሄጄ አገኘሁት። በጋውን የዋናተኞች ልብስ መለወጫ ክፍሎችን ያጸዳ ነበር። ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ ተቀመጠና ነገረኝ።

ይርጋ አዲስ ጫማ ነበረው። ሮም ሲገባ አሮጌ ጫማ አድርጎ እህቱ ፊት እንዳይቆም፣ ማሰሪያውን አያይዞ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። ጀልባዋ ተሰብራም አልጣለውም። ጋሽ ተክሌ «ጣለው፣ ይከብድሃል» ቢለው፣ «አንተ ዘውዴን አታውቃትም፤ መጀመሪያ የምታየው እግሬን ነው» አለው። ሁለቱም ሳቁ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ፣ ባሕር መካከል፣ ሳቁ። በኋላ ይርጋ ጥሙን መቋቋም አቅቶት የባሕሩን ውሃ ጠጣ፤ ይቃዥ ጀመር፤ ጋሽ ተክሌ ጭን ላይ ሞተ። ጋሽ ተክሌ ማዕበሉ ሬሳውን እንዳይወስድበት በቀበቶው ከራሱ ጋር አሰረው። ክንዱ ሲዝል አባታችን ሆይ ደግሞለት ፈታው።

«የሳቃችንን ነገር ለእትዬ መንገር አቃተኝ። መርዶ ላይ ሳቅ እንዴት ይነገራል? አንቺ በግጥም አድርሺልኝ» አለኝ።

አደራው ይህ ነበር። ሌላ ምንም አልጠየቀኝም። እኔ ምን አደረግኩ? ጫማ ለግጥም ያንሳል አልኩ! ሞት በጥም? ተራ ነው አልኩ! የሰውየው ዓይን እንባ እንዳቀረረ፣ እኔ በልቤ ታሪኩን እያቃለልኩ ባቡር ተሳፍሬ ተመለስኩ።

ከሲኞራዬ ሟች ባል መጻሕፍት መካከል ስለ ድሮ ዓሣ ነባሪ አዳኞች የሚተርክ አንድ ነበር። ጣሊያንኛ ማንበብ የለመድኩት ከእሱ ጋር እየታገልኩ ነው። መርከባቸው ተሰብሮ በታንኳ ውቅያኖስ ላይ የቀሩ ሰዎች፣ ከሞት ተርፈው የተናገሩት እውነተኛ ታሪክ። ስንቃቸው ሲያልቅ ዕጣ ይጣጣላሉ፤ ዕጣው የወጣበትን ገድለው ይበላሉ። ለእኔ መከራ ማለት ይህ ሆነ። ከዚህ ያነሰውን ማን ያለቅስለታል ብዬ ወሰንኩ። የነጮቹን ርሃብ አምጥቼ ጋሽ ተክሌ አፍ ውስጥ ከተትኩት።

ለቅሶው ቀን ጋሽ ተክሌን አሠሪው አልለቀቀውም። ቢኖር ኖሮ እደፍር ነበር? እንጃ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ተነሣሁና አወረድኩት፦

ስንቁ ሲያልቅባቸው ዕጣ ተጣጣሉ፣
ይርጋን ያህል ወንድም ለነፍሳቸው በሉ።

ቤቱ በዋይታ ተናጠ። እትዬ ዘውዴ ደረታቸውን ደቁ። ሴቶቹ ሲወጡ «ምን ዓይነት ምላስ ነው የሰጣት!» እያሉ ትከሻዬን ሳሙኝ። ተሳምኩ። ያን ቀን ከእኔ በላይ የተደሰተ ሰው ሮም ውስጥ አልነበረም ብል አልዋሽም።

ከዚያ በኋላ ሰው ለጋሽ ተክሌ ከሩቅ ራስ መነቅነቅ ጀመረ። «ወንድሜ» ይሉት የነበሩት እትዬ ዘውዴ «አቶ ተክሌ» አሉት። አላየሁም ልበል? ዓይኔ ምንም አያልፈውም እያልኩ የምመጻደቅ እኔ! አይቻለሁ። አይቼ ዝም አልኩ። በየሐሙሱ ዝም አልኩ።

በሰዎቹም ላይ ንዴቴ አልበረደም። የአንዲት ለጋ ልጅ ሁለት ስንኝ ሰምቶ ሰውን ሰው በላ ማለት ምንድን ነው? ጠርቶ መጠየቅ ምን ያህል ይከብድ ነበር? በመጽሐፉ ውስጥ የሰው ሥጋ የበላው ካፒቴን እኮ አገሩ ሲመለስ ሌላ መርከብ ተሰጥቶታል! ሥዕሉ በክብር መጽሐፉ መግቢያ ላይ ታትሟል! ሬሳ በቀበቶው አስሮ የጠበቀው የእኛ ሰው ግን አንድ ትሪ ላይ እጁን ለማሳረፍ አልበቃም። ይህን የምለው ጥፋቴን ለማካፈል አይደለም። እነሱ ያመኑት እኔን ነው። ሙሾ አይዋሽም ብለው ነው ያመኑኝ።

እናም በአርባው ቀን፣ በዚያች ክፍል ዓይን ሁሉ እኔ ላይ አረፈ። ጋሽ ተክሌም አየኝ፤ ተስፋ ነበረው። ነገሩ አሁን እንደሚፈታ፣ እኔ አፌን ከከፈትኩ ሁሉም እጁን ወደ ትሪው እንደሚመልስ ያመነ ሰው ዓይን ነበር። «ከመጽሐፍ ነው ያመጣሁት» ብል ይበቃ ነበር። ግን ያን ካልኩ ለቅሶ ላይ የዋሸች እባላለሁ፤ ያ ያደነቁት ምላሴ ይተፋበታል። ይህን አስልቼ ነው። ደንግጬ አይደለም፤ አስልቼ።

«የነገረኝን ነው የገጠምኩት» አልኩ።

ጋሽ ተክሌ አልጮኸብኝም። ወደ እትዬ ዘውዴ ዞሮ «እትዬ፣ ይርጋ ስለ እርስዎ ያለኝ ነገር...» ብሎ ጀመረ።

«የወንድሜን ስም አታንሣ!» አሉት።

ያ ሳቅ እስከ ዛሬ አልደረሳቸውም። ሐሙስ ሐሙስ አገኛቸዋለሁ፤ ጉንጫቸውን እስማለሁ፤ አልነገርኳቸውም። ልጅ ነበርኩ አልልም። አደራውን ስቀበል ልጅ ነኝ አላልኩማ! ይቅርታም አልለምንህም፤ ይቅር ማለት የሚችለው ሰውዬ ወዴት አገር እንደሄደ የሚያውቅ አላገኘሁም፤ አንተ በምን ሥልጣንህ ትፈታኛለህ?

ጋሽ ተክሌ ተነሣ። እጁን አልታጠበም፤ ምንም አልበላማ። ኮቱን ከወንበሩ ላይ አነሣ፤ ለእትዬ ዘውዴ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ ኮቴው ይሰማል። ሁሉም እጁን ወደ ትሪው ዘረጋ።

«በሩን» አሉ እትዬ ዘውዴ።

ተነሥቼ ዘጋሁት።